የደሙ አውሮፕላን

«ሰው እኮ ሁለት ሳምንት ቢቆይ አይበላሽም፤ ደም ነው የሚበላሸው» አለ አቶ ወርቅነህ ሻዩን ፉት ብሎ። ለሾፌሩ ነው የሚነግረው። ፋጢማ ከሱቋ ባንኮኒ ሥር ጎንበስ ብላ የስኳር ጆንያ አፍ እየፈታች ስለነበር እዚያ መኖሯንም አላወቀም። ሾፌሩ «ታዲያ ለልጅቷ የተባለው ወንበርስ?» አለው። «ሁለተኛው የደም ሳጥን ይቀመጥበታላ። ምን ላድርግ? አንድ ሳጥን ይሆናል ስንል ሁለት ሞላ። በሚቀጥለው ትሄዳለች» አለ ወርቅነህ፣ ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ። ወጡ። ፋጢማ ሲባጎውን በጣቷ እንደጠመጠመች እዚያው ቁጢጥ ብላ ቀረች። ባለፈውም በሚቀጥለው ተብሏል። ከዚያ በፊትም በሚቀጥለው ተብሏል።

ጂንካ ውስጥ ድርጅቱን በስሙ የሚጠራው የለም። ስሙ ረጅም የፈረንጅ ስም ነው፣ በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፣ ሰዉ ግን «ደም ድርጅት» ነው የሚለው። ወርቅነህ ከአዲስ አበባ የመጣ አስተባባሪው ነው፣ ዶክተሯ ደግሞ ፈረንጅ ናት። ዲመካና ኦሞራቴ ድረስ ቆላውን ወርደው የሰው ደም በብልቃጥ ይቀዳሉ፤ ካላዛር የሚሉትን ሆድ የሚያሳብጥ፣ ቆዳ የሚያጠቁር ትኩሳት ነው የሚያጠኑት። ደሙ በረዶ በሞላው ሳጥን ይታሸግና በየሁለት ሳምንቱ በምትመጣ ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ይሄዳል። እዚያ ምን እንደሚያደርጉት የሚያውቅ የለም። ጥር ላይ የድርጅቱ ፍሪጅ ሞተ፤ መለዋወጫው እየመጣ ነው እየተባለ ይኸው ሚያዝያ ገባ። ከተማው ውስጥ በረዶ የሚጋግር ሌላ ፍሪጅ የፋጢማና የባሏ የሙዘይን ብቻ ነው። በላምባ የሚሠራ፣ በሩ ጥግ ላይ ዝገት የጀመረው፣ ለስላሳውን ባለ ሰባ አምስት ሳንቲሙን አቀዝቅዞ ብር የሚያደርግ ፍሪጅ። ላምባ ደግሞ በቀበሌ በኩል በቁጥር ነው የሚታደለው፤ ድርጅቱ ደብዳቤ ጽፎ ተጨማሪ ላምባ አስፈቀደላቸው፣ እነሱም የለስላሳውን ቦታ ለቀው በዱቄት ወተት ጣሳ ውሃ እየሞሉ በረዶ መጋገር ጀመሩ። አውሮፕላን በምትመጣበት ቀን የድርጅቱ ዘበኛ ሶርሳ ማዳበሪያውን ይዞ ይመጣል፣ ጣሳዎቹን እየገለበጠ በረዶውን ይወስዳል። እስከዛሬ ጎድሎ አያውቅም።

ፋጢማ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ ገባች። የላምባ ፍሪጅ ነገር ሲገርም ፊቱ በረዶ ነው፣ ጀርባው እሳት። የመኪያ አልጋ ደግሞ ከፍሪጁ ጀርባ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ሌላ የአልጋ ግድግዳ የለም፤ አንደኛው ላይ ሳሙናና ጨው ተደርድሯል፣ በአንደኛው በኩል በር ነው። መኪያ የፋጢማ ታናሽ እህት ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ማትሪኩ ሳይመጣላት ሲቀር እዚሁ ሱቅ ስትሸጥ ሐመርኛውን ከገበያ ለቀመችው፣ በዚያው ድርጅቱ በጊዜያዊነት አስተርጓሚ አድርጎ ያዛት። ቆላ ውስጥ እናቶች ልጄን አላስወጋም ሲሉ የምትለምነው እሷ ናት። እጅጌዋን ሰብስባ መጀመሪያ የራሷን ክንድ ታስወጋና «ይኸው፣ ሞትኩ?» ትላቸዋለች፣ ይስቃሉ፣ ልጃቸውን ያቀርባሉ። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ኩይሳ ጥግ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። በሽታውን የምታመጣው ትንኝ ኩይሳ ውስጥ እንደምትኖር ዶክተሯ ለሰዉ ስትናገር ያስተረጎመችውም ራሷ መኪያ ነበረች፤ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ከኩይሳ ሌላ ጥላ የታለ? መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ሆዷ መነፋት ጀመረ። እጅና እግሯ ከስቶ ሆዷ ብቻ ሲገፋ ሰፈሩ የራሱን ሐሳብ አሰበ። ጎረቤታቸው ጥሩዬ ፋጢማን ውሃ ቧንቧ ላይ አግኝታት «ከፈረንጅና ከሾፌር ጋር ቆላ ለቆላ ሲዞሩ እኮ ትንኝ ብቻ አይደለም የሚነድፈው» አለቻት። ፋጢማ ጀሪካኗን ሳትሞላ ተመልሳ መጣች።

የመንግሥት ክሊኒክ ወስዳታለች። የክሊኒኩ ሰውዬ ሆዷን ዳብሶ ጣፊያዋን አገኘና «እህቴ፣ ይኼ የነሱ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱ እኛ ጋ የለም፣ እነሱ ጋ ውሰጃት» አላት። እነሱ ጋ ወሰደቻት። ወርቅነህ ቁጭ አድርጎ ውሃ አስመጥቶላት፣ በጨዋ ደንብ፣ «ድርጅቱ ያጠናል እንጂ አያክምም፣ ማከም የመንግሥት ሥራ ነው፣ ውላችንም እንደሱ ነው የሚለው» አላት። ዶክተሯ ግን አንጀቷ አልቻለም መሰለኝ፣ መርፌው አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል እንዳለ ነገረቻት፤ በአውሮፕላኗ እናሳፍራታለንም አለች። የአዲስ አበባው መንገድ እንደሆነ ዝናቡ ከገባ ወዲህ ወንዙ ሞልቶ ተቆርጧል፣ ትልቁ አውሮፕላን ሣሩ ረጥቧል ብሎ አያርፍም። ያለችው ይቺ ትንሿ ናት፤ አብራሪ፣ ዶክተሯ፣ አንድ ትርፍ ወንበር። እሱም ሳጥን ተቀመጠበት።

መኪያ ነቅታለች። «ዛሬ ናት አይደል?» አለች። ሻርፗን አስራ፣ ትንሿን ቦርሳ ከአልጋው እግር አስጠግታ፣ ተዘጋጅታ ነው የተኛችው። ፋጢማ «ኢንሻአላህ» አለችና ዓይኗን አሸሸች። ብርድ ልብሱን አስተካከለችላት፤ ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ሙቀት ፊት ይገርፋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ትኩሳቱ ሲያንገበግባት መኪያ አንዲት ቁራጭ በረዶ ብትለምናት «የድርጅቱ ነው፣ ከጎደለ ወንበሩን ይከለክሉናል» ብላት ነበር። መኪያም «ልክ ነሽ» ብላ ዞራ ተኛች። አሁን ያ ትዝ አላት ለፋጢማ። ወጣች። የፍሪጁን በር በቁልፍ ጠረቀመችውና ቁልፉን በመሐረብ ቋጥራ ጡቷ ሥር ከተተችው።

ሙዘይን ባንኮኒው ጋ ጋዜጣ እየቀደደ የስኳር መጠቅለያ ይሠራል። አያት። «ምን ልታደርጊ ነው?» አላት። ነገረችው። ጋዜጣውን መቅደዱን አላቆመም፤ አንዱን ሾጣጣ አድርጎ ጠቀለለ፣ ሌላውን ጠቀለለ። «ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ናቸው» አለ በመጨረሻ፣ «ላምባውን በእነሱ ደብዳቤ ነው የምናገኘው። ይቅርብሽ።» «ያንተ እህት ብትሆንስ?» አለችው። ሙዘይን የጠቀለላቸውን መደርደር ያዘ። መኪያ ከተኛች ጀምሮ ባልና ሚስት እንዲህ ናቸው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ዕቃ ያስተካክላል። መጋረጃው ቀጭን ነው፣ ከጀርባው የተኛችው ሁሉን ትሰማለች፣ ያንን ሁለቱም ያውቃሉ።

ፋጢማ ነጋዴ ናት። ከልጅነቷ አልዱባ ገበያ ላይ ጨውና ዶቃ ዘርግታ ያደገች ናት። ገዢ ውድ ነው ብሎ ሲሄድ አይጠራም፤ ዕቃህን መጠቅለል ትጀምራለህ፣ ጀርባህን ትሰጠዋለህ። ገበያውን ይዞራል፣ ሌላ ጋ እንደሌለ ያያል፣ ይመለሳል። ሁለተኛ ሊሄድ ይችላል። ያኔም አይጠራም። እሷ ያላት ነገር ደግሞ ዛሬ ሌላ ጋ የለም፣ መላው ኦሞ ቢዞር የለም። በሕይወቷ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ይዛ አታውቅም።

ሶርሳ በሰዓቱ መጣ። ሶርሳ አሪ ነው፣ አማርኛው ላይ ሴት ወንድ የለም፣ ሁሉም «አንተ» ነው። «ፋጢማ፣ በረዶ ስጠኝ፣ ዛሬ ብዙ ነው፣ ሁለት ሳጥን» አለ ማዳበሪያውን እያራገፈ። «ወርቅነህን የለም በለው።» «እንዴት የለም? ጠዋት አይቻለሁ፣ ሞልቷል።» «አለ። ግን መኪያ ካልሄደች የለም። ወርቅነህ ራሱ ይምጣ በለው።» ሶርሳ ፍሪጁን አየ፣ መጋረጃውን አየ። «አንተ ጎበዝ ነህ» አላት ቀስ ብሎ፣ ባዶውን ማዳበሪያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

ወርቅነህ ብዙ አልቆየም። እየሮጠም አልመጣም፣ ሳይቆጣ፣ ሸሚዙን እያስተካከለ ገባ። «ፋጢማ፣ ምን ነካሽ?»

«ምንም አልነካኝ። በረዶው አለ። ወንበሩ ይምጣ።»

«ወንበሩ እኮ የኔ ወይ ያንቺ አይደለም። አውሮፕላን በክብደት ነው።»

«እሷ የናንተን ሳጥን አታክልም። ከፈለግህ ሚዛን አለልህ፣ አውጥተህ መዝናት።»

«ደሙ የደከምንበት ነው፣ ከኦሞራቴ ሌሊቱን በመኪና ነው የመጣው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ውሃ ሆኗል። ይገባሻል አይደል?»

«ይገባኛል። ለዚህ እኮ ነው የቆለፍኩት።»

ወርቅነህ ሙዘይንን አየው፤ ሙዘይን ጋዜጣውን ቀደደ። «እሺ» አለ ወርቅነህ። «ለዶክተሯ ልንገራት።» በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ፍሪጁን አንድ ጊዜ አየው። ፋጢማ ይቺን አየች። ገዢ ዞሮ ካየ አለቀ፣ ይመለሳል። ልቧ ከጠዋት ጀምሮ ገና አሁን ቀለል አላት፣ ፈገግም አለች።

ስለዚህ መኪያን ማረፊያው ድረስ የሚሸከም ሰው ጠራች። አናጢው አንጁሎ ሦስት ጎረምሶች ይዞ መጣና መኪያን ከነአልጋዋ አነሷት። አልጋውን የሠራው እሱ ራሱ ነው። «ይቺ ልጅ ምን ትበላለች፣ ከበደችን እኮ» አለ አንጁሎ ሊያስቃት። «አንተ የሠራኸው አልጋ ነው የከበደህ» አለችው መኪያ ከላይ ሆና፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ። ሁሉም ሳቁ። እውነቷን ነበር ግን፤ አልጋው ነው የከበደው። በመንገዱ ላይ ሰው ከየበሩ ወጥቶ ያያል። ጥሩዬም ወጣች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እግዜር ይማርሽ» አለች ወደ ሆዷ እያየች። ፋጢማ አልፋት ሄደች፣ ዛሬ ቀኗ ነው፣ ዛሬ ማንንም አትሰማም። ሙዘይን ሱቁን አልዘጋም፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ አልጋው ሲያልፍ አየና አንድ ለስላሳ ይዞ ወጥቶ መኪያ ራስጌ አስቀመጠ። ተመልሶ ገባ።

ማረፊያው ከተማው መሀል ያለ ሣር ነው። በሌላው ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ተማሪ ኳስ ይጫወትበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። አውሮፕላን በምትመጣበት ቀን ግን ሶርሳ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዱላ ይዞ ፍየሉንም ጥጃውንም ያባርራል። አልጋውን ጫፍ ላይ፣ ዛፉ ሥር አሳረፉት። ሰማዩ ከሰሜን በኩል ጥርት ብሏል። ፋጢማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ዳበሰች፣ ቁልፉ አለ። ወርቅነህ ከድርጅቱ በር ብቅ ባለ ቁጥር ጀርባዋን ትሰጣለች። ይምጣ። ወንበሩን ሰጥተናል ይበል፣ እሷ ሮጣ በረዶውን ታመጣለች፣ ሩቅ አይደለም።

«እትዬ፣ በረዶውን ሰጠሻቸው?» አለች መኪያ።

«ይሰጣቸዋል። መጀመሪያ አንቺን።»

መኪያ ሰማዩን እያየች «እነሱ እኮ አይከራከሩም» አለች። «ዲመካ አንዷ ሐመር፣ ስኳር ካልጨመራችሁ ልጄን አላስወጋም አለች። ጨምሩላት ብዬ ለዶክተሯ ነገርኳት። ‹እሺ፣ ካልፈለገች ይቅር› አለችና መኪና ውስጥ ገባች፣ በቃ። ሴትየዋ የምንመለስ መስሏታል። ከኋላ መስታወት ሳያት ልጇን አቅፋ እንደቆመች ነበረች።»

«ያቺ የያዘችው አንድ ልጅ ነው» አለች ፋጢማ። «እኔ የያዝኩት በረዶውን በሙሉ ነው።»

መኪያ ሳቅ አለች። «በኪሎ ልትሸጪኝ ነው ታዲያ?»

«ዝም በይ፣ አትድከሚ።»

ፀሐዩ ከፍ አለ። የዛፉ ጥላ ከአልጋው ላይ ሸሸ፤ አንጁሎና ጎረምሶቹ አልጋውን ጎትተው ተከተሉት። አንዴ የሞተር ድምፅ ተሰማና ሁሉም ቀና አሉ፤ የኅብረት ሱቅ የጭነት መኪና ነው። ለስላሳው ሞቀ፣ ማንም አልከፈተውም። አንዱ ጎረምሳ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ። ፋጢማ ወደ ድርጅቱ በር አየች፣ ዘግተውታል። ሁለተኛ ሄዷል ማለት ነው ብላ አሰበች፣ ሁለተኛ ሲሄድም አይጠራም። እንደዚህ እያሰበች ሳለ አንዲት ፍየል ሜዳው መሀል ገባች። ከኋላዋ ሦስት አራት ሆነው ሌሎች ተከተሉ። ሶርሳ እዚያው ቆሟል፣ ዱላውን ይዟል፣ ያያቸዋል። ፊሽካውን አልነፋም። ጥጃዎቹም ገቡ። ፋጢማ ብድግ አለች።

«ሶርሳ! ፍየሎቹን!»

ሶርሳ እግሩን እየጎተተ መጣ። ዓይኗን አላያትም፣ መሬት መሬቱን እያየ «አውሮፕላን ቀረ» አለ። «ቅድም ነው፣ በሬዲዮ ነገሩት። አትምጣ አሉት። በረዶ የለም፣ ደም አይሄድም። ደም ከሌለ ለምን ይመጣል አሉ። እኔ አሁን ነው የሰማሁ፣ ወላሂ አሁን ነው።» ሶርሳ እስላም አይደለም፣ መሐላውን ከሷ ነው የለመደው።

ፋጢማ የሮጠችው እንዴት እንደሆነ አታውቅም። ሱቁ ውስጥ ገብታ ሙዘይንን ገፍታ ቁልፉን ከመሐረቡ ፈትታ ፍሪጁን ከፈተች። ጣሳዎቹን እየገለበጠች በረዶውን ሳፋ ላይ ደረደረችው፣ ያ ሁሉ በረዶ፣ ንጹሕ፣ ያላነሰ ያልጎደለ። ሳፋውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ውሃው ቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ፣ የድርጅቱን ግቢ በር በረገደችው። ዶክተሯ ከኋላ ጉድጓድ አስቆፍራ፣ ጓንት አድርጋ ብልቃጦቹን እየከፈተች ትደፋለች። ከልጆቹም የተቀዳው፣ ከእናቶቹም የተቀዳው፣ ሁሉም እዚያው ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ አልቅሳለች።

«ይኸው! ይኸው በረዶው!» አለች ፋጢማ። «ጥሩት! ይምጣ! ሁለቱንም ሳጥን ይውሰድ፣ እሷን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ወለል ላይ፣ እንደፈለጋችሁ!»

ወርቅነህ ከቢሮው ወጣ። ሳፋውን አየ። «ፋጢማ፣ በቃ እኮ» አላት፣ አሁንም ሳይቆጣ። «አብራሪው ለሌላ ሥራ ሄዷል። በሬዲዮ አይገኝም።»

«የምትመለስ መስሎኝ ነው! ለምን አልተመለስክም? ተመልሰህ እምቢ ብትለኝ እሰጥህ ነበር እኮ! ወላሂ እሰጥህ ነበር!»

ወርቅነህ ግራ ገባው። «አልሰጥም አልሽ፣ እሺ አልን» አለ። «ምን ብለን እንመለስ?» እውነቱን ነበር የገረመው፤ ሊያሾፍባት አልነበረም፣ የባሰውም ይኼ ነው።

ዶክተሯ ጓንቷን አውልቃ መጣች። የተሰባበረ አማርኛዋን ፈልጋ ፈልጋ «አዝናለሁ» አለች። «ደም... ሁሉ እንደገና።» ፋጢማ «መኪያስ?» አለቻት። ዶክተሯ ወርቅነህን አየችው፣ ከዚያ ፋጢማን። «በሚቀጥለው» አለች። ያቺ ቃል ግን አልተሰባበረችባትም፣ ጥርት አድርጋ ነው ያለቻት።

ፋጢማ ሳፋዋን አቅፋ ወጣች። እዚያ ጥላው ትታው ልትመጣ ትችል ነበር፣ አልጣለችውም። ሜዳው ላይ ከብቱ ተበትኖ ይግጣል፣ ልጆች ኳስ ጀምረዋል፣ ገበያ የዋለ ሰው በመሀል አቋርጦ ይሄዳል። አልጋው ከዛፉ ሥር ነው፤ አንጁሎ ብቻውን ራስጌው ላይ ቁጭ ብሎ በባርኔጣው ዝንብ ያባርራል። ሲያያት ተነሳ፣ ምንም አልጠየቃትም፣ ሰው እጠራለሁ ብሎ ሄደ፤ አልጋው ተመልሶ መግባት አለበት።

መኪያ ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሳፋውን አየች፣ የእህቷን እርጥብ ቀሚስ አየች። አላለቀሰችም። «ሳይመለሱ ቀሩ አይደል?» አለች። ፋጢማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በሳፋው ውስጥ በረዶው እየተንሸራተተ ቂው ቂው ይላል።

«አሁንስ የማን ነው?» አለች መኪያ ወደ ሳፋው እያየች።

ፋጢማ አንዱን ጣሳ የሚያክል በረዶ አንስታ በድንጋይ መታችው። ከስብርባሪው ትንሿን መርጣ እህቷ ከንፈር ላይ አደረገችላት። መኪያ አፏን ከፈተች። ወራት ሙሉ ከጀርባው የተኛችበት ነገር፣ ገና አሁን ቀመሰችው። ዓይኗን ጨፈነች። በጥርሷ ቆረጠመችው፣ ቀስ ብላ፣ ደግማ ቆረጠመችው፤ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፤ ከብቱ ሣር ሲነጭ፣ ልጆቹ ሲጮሁ፣ ያ ሁሉ እያለ ለፋጢማ የሚሰማት እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ እሱም አለቀ።

«ጨምሪልኝ» አለች መኪያ።

ፋጢማ ጎንበስ አለች። ሳፋው ውስጥ ግማሹ ውሃ ሆኗል።